ፕራይመሩ ከነቀለሙ ተነሣብኝ፤ የትኛውን ልግዛ?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። የፕላስቲክ ሞዴል፣ ማለትም የአውሮፕላንና የታንክ ትንሽ ቅጂ፣ መሥራት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ኤርብረሽ (ቀለም በአየር ግፊት የሚረጭ መሣሪያ) የያዝኩት ግን በቅርቡ ነው። የእንግሊዙን የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተዋጊ አውሮፕላን፣ ስፒትፋየርን፣ በ1/48 ልክ እየሠራሁ ነበር። በውሃ የሚቀጥን ፖሊዩሬቴን ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚረጭ ስር ቀለም) ረጨሁበት። ከሁለት ሰዓት በኋላ አረንጓዴውን ቀለም ደረብኩ። ማታውኑ ለሁለተኛው ቀለም ብዬ ማስኪንግ ቴፕ ለጠፍኩ። ጠዋት ቴፑን ሳነሣ ቀለሙ ከነፕራይመሩ ተገሽልጦ መጣ። ክንፉ ላይ እርቃኑን ፕላስቲክ ቀረ። አንድ ጓደኛዬ «የውሃውን ጣለው፣ ፕራይመር ማለት ላከር ነው» አለኝ፤ በውሃ ሳይሆን በኃይለኛ ቲነር የሚቀጥነውን ማለቱ ነው። እኔ ግን የምኖረው አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ የስድስት ወር ልጄ ከመጋረጃው ወዲያ ነው የምትተኛው። የኤርብረሼ ኖዝል (የጫፉ ቀዳዳ) ደግሞ 0.2 ሚሊ ሜትር ነው፣ ቶሎ ቶሎ ይደፈናል። የትኛውን ልግዛ? ግራጫ ወይስ ጥቁር? ፕራይመሮች ላይ 1000 እና 1500 የሚለው ቁጥርስ ምንድን ነው? የተላጠውን ክንፍስ ምን ላድርገው?

ክንፉ የተላጠበት

መልስ፦

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሳነብ መጀመሪያ ልቤን የያዘው ስፒትፋየሩ አይደለም። ከመጋረጃው ወዲያ የምትተኛዋ ልጅህ ናት። ስለዚህ ከእሷ ልጀምር።

ላከሩን አሁን አትግዛ። ገዝተኸውም ከሆነ ክዳኑን ጥብቅ አድርገህ አስቀምጠው። እጅህ ላይ ያለውን የውሃ ፕራይመርም አትጣለው። ክንፍህን ያስላጠው እሱ አይደለም።

ጓደኛህ ክፉ አልመከረህም። ላከር ጥሩ ፕራይመር ነው፤ ብዙ የቆዩ ሠሪዎች ከእሱ ሌላ አይነኩም። እሱ ያላየው ቤትህን ነው። ላከርን የሚያቀጥነው ቲነር ኃይለኛ ትነት አለው፤ ትነቱ ራስ ያዞራል፣ እሳትም ይይዛል። ሲረጭ ብቻ አይደለም የሚሸተው። ቀለሙ የተረጨበት ሞዴል መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሎም ለሰዓታት ይተናል። ተራው የአቧራ ማስክ ይህን ትነት አያግድም። የሚያግደው ለኦርጋኒክ ትነት የተሠራ የካርበን ማጣሪያ ያለው ማስክ ነው። እሱን ገዛህ እንበል። ማስኩ ያንተን ሳንባ ይጠብቃል፤ የልጅህን ግን አይጠብቅም። አየሩን ወደ ውጭ የሚያወጣ ማራገቢያ ያለው መርጫ ሳጥንና በር የሚዘጋ ሌላ ክፍል እስክታገኝ ድረስ ላከር ላንተ ቤት አይሆንም። በዚህ ላይ ምንም አላመቻምችም።

የውሃውም ቢሆን «ውሃ ነው» ተብሎ የሚናቅ አይደለም። ሽታው ቀላል ነው፣ ነገር ግን ኤርብረሽ ማንኛውንም ቀለም ወደ ደቃቅ ጠብታ ይበትነዋል። ያ ጠብታ አየር ላይ ይንሳፈፋል፣ ይተነፈሳል። ስለዚህ ልጅህ ከእናቷ ጋር ውጭ ስትሆን ርጭ። መስኮቱን ክፈት። አንተም ቅንጣት የሚያጣራ ማስክ አድርግ። ጨርሰህ ጥቂት ቆይተህ፣ አየሩ ሲጠራ ይግቡ።

አሁን ወደ ክንፉ እንምጣ።

ሁለቱ ፕራይመሮች ፕላስቲክን የሚይዙበት መንገድ ለየቅል ነው። ይህን ከተረዳህ ሌላው ሁሉ ይገባሃል። ሞዴሎቻችን በአብዛኛው የሚሠሩት ከፖሊስታይሪን ነው። የላከር ቲነር ፖሊስታይሪንን በጥቂቱ ያሟሟል። ፕራይመሩ የፕላስቲኩን ገጽ ነክሶ፣ ከሱ ጋር ተዋህዶ ይደርቃል። ትንሽ የጣት ቅባት ቢኖር እንኳ ብዙ ጊዜ አልፎት ይሄዳል። የውሃው ግን ምንም አይነክስም። ፕላስቲኩ ላይ ይተኛል፣ ውሃው ይተናል፣ የቀረው እንደ ስስ ቆዳ ሆኖ ሞዴሉን ይለብሰዋል። የሚይዘው በመልበስ ነው። ከስሩ ቅባት ካለ ደግሞ ልብሱ አልተጣበቀም ማለት ነው። ያኔ እባብ ቆዳውን እንደሚጥል ሙሉውን ተገፎ ይወጣል። ያንተም ክንፍ ያደረገው ይህንኑ ነው።

ደብዳቤህ ውስጥ ሞዴሉን አጠብኩት የሚል ቃል የለም። ካላጠብከው አንደኛው ምክንያት እሱ ነው። ፕላስቲኩ ፋብሪካ ውስጥ ከቅርጹ እንዲላቀቅ ቅባት ሊቀባ ይችላል። በዚያ ላይ ለሳምንታት በጣትህ ስትይዘው ነው የከረምከው። ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ የፓነል መስመሮቹን (ገጹ ላይ የተቀረጹትን የብረት መጋጠሚያ መስመሮች) ሁሉ ተከትለህ እጠበው። በደንብ አለቅልቀው። ከዚያ በራሱ ይድረቅ፤ በፎጣ አትጥረገው፣ ብናኝ ይተውበታል። ከታጠበ በኋላ ፕራይመር እስኪለብስ ድረስ በባዶ እጅህ አትንካው። ጓንት ከሌለህ ከስሩ ዘንግ ሰክተህ ያዘው።

ሁለተኛው ምክንያት ሁለት ሰዓቱ ነው። ይህ ስህተት የብዙ ሰው ነው፣ እኔም አውቀዋለሁ። የውሃ ፕራይመር በግማሽ ሰዓት ውስጥ ለእጅ ይደርቃል። ስትነካው አይጣበቅም፣ ገጹ ደብዛዛ ሆኗል፣ ያለቀ ይመስላል። የወጣው ግን ውሃው ብቻ ነው። ፖሊዩሬቴኑ እርስ በርሱ ተሳስሮ ጠንካራ ቆዳ እስኪሆን ቢያንስ 24 ሰዓት ይፈልጋል። አየሩ ቀዝቃዛ ወይም እርጥብ ከሆነ 48 ሰዓት ስጠው። አንተ በሁለት ሰዓት ሌላ ቀለም ስትደርብበት ከስር ያለው እርጥበት መውጫ አጣ። በዚያው ማታ ደግሞ ቴፕ ለጠፍክበት። ቴፑ እዚያው አደረ፣ ማጣበቂያውም ሌሊቱን ሙሉ እየጠነከረ ሄደ። ጠዋት ስታነሣው የተሸነፈው ደካማው ወገን ነው፤ ደካማው ደግሞ ከታች የነበረው መያዣ ነበር።

ስለ ቴፑ አንድ ነገር ልጨምር። ከመለጠፍህ በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ የእጅህ ጀርባ ላይ ጫን እያደረግህ አንሣው። ኃይሉ ይቀንሳል። ሲነሣ ደግሞ ወደ ላይ አትሳበው። ጫፉን ወደ ኋላ እጠፈውና በራሱ ላይ እየተኛ፣ ዝቅ ባለ ማዕዘን፣ ቀስ ብሎ ይምጣ። ስታነሣው ጆሮህን ስጠው። ድምፁ ወጥና ለስላሳ ከሆነ ደህና ነው። ድንገት «ጭርር» ካለ ቁም፤ የሆነ ነገር እየተነሣ ነው። ከሌላው ጫፍ ጀምር።

0.2 ኖዝልህን በተመለከተ፣ ለፕራይመር ጠባብ ነው። የውሃ ፕራይመር ወፍራም ነው፣ መርፌው ጫፍ ላይም ቶሎ ይደርቃል። 0.4 ወይም 0.5 ይመቸዋል፤ 0.3ም በትዕግሥት ይሠራል። ብዙ ኤርብረሾች ኖዝልና መርፌ ብቻ መቀየር ይቻልባቸዋል፤ ያንተን መጀመሪያ እሱን እይለት። አንድ ነገር ግዛ ብትለኝ ከአዲስ ፕራይመር በፊት እሱን እልሃለሁ። 0.2ቱ ኋላ ላይ ለካሙፍላጁ (ለመደበቂያው ዥንጉርጉር ቀለም) ጠርዝ ይጠቅምሃል፣ አትጣለው።

ግፊቱን ከ20 እስከ 25 ፒኤስአይ አድርገው፤ በባር ከ1.4 እስከ 1.7 ገደማ ነው። ጠርሙሱን ከመክፈትህ በፊት በደንብ አናውጠው፣ ከስር የረጋ አለ። «ለኤርብረሽ የተዘጋጀ» የሚል ከሆነ እንዳለ ይረጫል፤ ከወፈረብህ የዚያኑ አምራች ማቅጠኛ ጥቂት ጠብታ ጨምርበት። ንጹህ ውሃ አታብዛበት፤ ቆዳው ይደክማል፣ ጠርዝ ላይ እየሸሸም ይሰበሰባል። በየጥቂት ደቂቃው የመርፌውን ጫፍ ማቅጠኛ በነካ የጥጥ እንጨት ጥረገው። ያ የደረቀች ጠብታ ናት ቀለሙን የምታስተፋው።

አሁን ወደ አረጫጨቱ። ጠረጴዛህ ላይ አንድ መብራት ከጎን አብራ፤ ብርሃኑ ክንፉን አግድም እንዲነካው። ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ርቀት ያዝ። የመጀመሪያው ዙር ቀጭን ጉም ነው። ፕላስቲኩ አሁንም ይታያል፣ መታየትም አለበት። አሥር ደቂቃ ያህል ቆይ። በሁለተኛው ዙር እጅህን ትንሽ ዘግየት አድርገህ አሳልፈው። በጎን ብርሃን ስታየው ቀለሙ ባረፈበት ላይ እንደ እርጥብ መስታወት ያለ ብልጭታ ይከተልሃል። ያ ብልጭታ ለጥቂት ሰከንድ ይቆይና ወደ ደብዛዛ ይለወጣል። ፍጥነትህን የምትለካው በእሱ ነው። ብልጭታው ከሌለ ቀለሙ አየር ላይ ደርቆ እንደ አሸዋ ነው የሚያርፈው፤ ቀርበህ ርጭ ወይም ዝግ በል። ብልጭታው እየተንቀሳቀሰ ወደ ጠርዝ ከፈሰሰ ደግሞ አብዝተሃል። በሁለት ወይም በሦስት ዙር ማለቅ አለበት። ሪቬቶቹ (የብረቱ ምስማር ራሶች) እና የፓነል መስመሮቹ እንደ መጀመሪያው ጥርት ብለው ካልታዩህ ወፍሯል ማለት ነው።

አሁን ስለ ቁጥሮቹ። 500፣ 1000፣ 1200፣ 1500 የሚሉት በብዛት የሚታዩት ሚስተር ሰርፌሰር በሚባለው የጃፓን ላከር ፕራይመር ላይ ነው። አነጋገሩ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ቁጥር ነው። ትንሽ ቁጥር ሻካራና ወፍራም፣ ትልቅ ቁጥር ደቃቅ። 500ው በብሩሽ ተቀብቶ ጭረት ለመሙላት ይጠቅማል። 1000 ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል፤ ለ1/35 ታንክ ከዚያ በላይ መድከም አያስፈልግም። 1500 ለደቃቅ አውሮፕላን፣ በተለይ የሚያንጸባርቅ ቀለም ለሚደረብበት ነው። እነዚህን የሚያቀጥነው የላከር ቲነር ሲሆን፣ አንድ እጅ ፕራይመር ለአንድ ወይም ለሁለት እጅ ቲነር፣ እንደ ወተት እስኪሆን ነው። ግፊቱም ከውሃው ዝቅ ይላል፤ 15 ፒኤስአይ አካባቢ። ሌላ ክፍል ያገኘህ ቀን ይህን አንቀጽ መልሰህ ታየዋለህ። በውሃዎቹ ውስጥ እንዲህ ያለ የቁጥር ደረጃ አትፈልግ፣ ብዙዎቹ የላቸውም።

ላከሩ ከውሃው በእርግጥ የሚበልጥበት ቦታ አለ፤ ልደብቅህ አልፈልግም። እሱም ብርጭቆ ወረቀት ነው። ላከር ከደረቀ በኋላ እንደ ዱቄት ተፍቆ ይስተካከላል፣ ጠርዙ ቀስ እያለ ይጠፋል። የውሃው ቆዳ ስለሆነ ሲፋቅ አይደቅም፤ ይጠቀለላል፣ ይቀደዳል። ስቲኒልሬዝ የሚባለው የባጀር የውሃ ፕራይመር ከብዙዎቹ የተሻለ ይፋቃል ይባልለታል፤ እሱም ቢሆን ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ፍቀቱን ሁሉ ከፕራይመር በፊት መጨረስ ነው ያንተ ዘዴ። መፋቅ ካለበትም ከሁለት ቀን በኋላ፣ በደቃቅ ወረቀት፣ ውሃ እያስነካህ።

ቀለሙን ስትመርጥ ግራጫውን ውሰድ። ለስፒትፋየር ካሙፍላጅ ግራጫ ይበቃል፤ ቀለሙን አያጨልምም፣ አያፈካም። ትልቁ ጥቅሙ ግን ሌላ ነው። ከአብራሪው መስታወት ጀርባ፣ በአውሮፕላኑ ወገብ ላይ፣ ግራና ቀኙ የተገጣጠመበት መስመር አለ። በእርቃኑ ፕላስቲክ ላይ ስታየው የጠፋ ይመስልሃል። ግራጫው ሲያርፍበት ግን እንደ አንድ ፀጉር ሆኖ ብቅ ይላል። ያን ማየት ደስ አይልም፣ ነገር ግን ካሙፍላጁ ከተቀባ በኋላ ከማየት ይሻላል። ስቱኮህን አውጣ፣ ሙላ፣ ፍቅ፣ ያንን ቦታ ብቻ መልሰህ ፕራይም አድርግ። ጥቁር ፕራይመር ይህን አያሳይህም፤ ጭረቱን ሁሉ ውጦ ይደብቃል።

ጥቁር ያለ ቦታው ነው እንጂ መጥፎ አይደለም። የብረት መልክ ያለው ቀለም፣ ማለትም ምንም ያልተቀባ አሉሚኒየም የሚመስል አውሮፕላን ስትሠራ፣ የሚያንጸባርቅ ጥቁር ከስር ይፈልጋል። ነጭ ደግሞ ለቢጫና ለቀይ ነው። ስፒትፋየርህ የክንፉ የፊት ጠርዝ ላይ ቢጫ መስመር ካለው (ከ1941 እ.ኤ.አ. መገባደጃ ወዲህ ያሉት በአብዛኛው አላቸው)፣ ያቺን ቦታ ብቻ ከቢጫው በፊት በነጭ ሸፍናት። ቢጫ በግራጫ ላይ አምስት ዙር ቢረጭም የታመመ ነው የሚመስለው። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ታንኮችን የሚሠሩ ደግሞ የዝገት ቀይ ፕራይመር ይወዳሉ። እውነተኛዎቹ ታንኮች ፋብሪካ ውስጥ መጀመሪያ የሚቀቡት ያንን ቀይ ስር ቀለም ስለነበር፣ ቀለሙ ሲፋቅ ከስር የሚታየው እሱ ነው።

ኪትህ (የገዛኸው የሞዴል ሳጥን) ውስጥ ስስ የነሐስ ክፍሎች ወይም ከሬዚን (በቅርጽ ከሚፈስ ሙጫ መሰል ነገር) የተሠራ ወንበር ካለ ለእነሱ ትንሽ ጥንቃቄ ጨምር። ነሐስ ገጹ ልሙጥ ነው፣ የውሃ ፕራይመር ሊይዝበት የሚችል ነገር የለውም። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ገጹን ትንሽ አሻክረው፣ በአልኮል ጥረገው፣ ከዚያ ርጭ። ሬዚን ደግሞ ከፕላስቲኩ የበለጠ ቅባት ይዞ ይመጣል፤ ሁለት ጊዜ እጠበው። የአብራሪውን መስታወት ፍሬም ስትረጭ መጀመሪያ የውስጡን ቀለም፣ ከዚያ ፕራይመሩን፣ ከዚያ የውጩን አስከትል። መስታወቱ ግልጽ ስለሆነ ከውስጥ ሲታይ ግራጫው ሳይሆን የውስጡ ቀለም ነው የሚታየው።

ከላይ የሚደረበውን በተመለከተ ደንቡ ቀላል ነው። ጠንካራው ከታች፣ ለስላሳው ከላይ። ላከር ታች ሆኖ የውሃ አክሬሊክ ቢደረብበት ደህና ነው። በአክሬሊክ ላይ የኢናሜል ወይም የዘይት ቀለም «ማጠቢያ» (መስመሮቹን የሚያጎላ በጣም የቀጠነ ቀለም) ቢሄድበትም፣ መሀል ላይ መከላከያ ቫርኒሽ ካለ ደህና ነው። በተቃራኒው፣ የውሃ ፕራይመር ላይ ኃይለኛ ላከር ቀለም እርጥብ አድርገህ ብትረጭ ሊያጨማድደው ይችላል። አንተ አክሬሊክ ስለምትቀባ ይህ አያሳስብህ።

አንድ ነገር ግን አደራ እልሃለሁ። የውሃ ፕራይመርን በላከር ቲነር አታቅጥን፣ ኤርብረሹም ውስጥ አታገናኛቸው። እኔ በጀማሪነቴ ጽዋው ውስጥ ጥቂት የውሃ ፕራይመር እያለ «ቶሎ ይታጠብልኝ» ብዬ የላከር ቲነር ጨመርኩበት። ወዲያው ረጋ። ዝልግልግ ያለ ነገር ሆኖ መርፌውን ያዘው፣ ኖዝሉን ሞላው። መርፌውን ለማውጣት ብቻ አንድ ሙሉ ምሽት ፈጀብኝ፣ ኖዝሉም ጠርዙ ተሰነጠቀ። መጀመሪያ በውሃና በራሱ ማጽጃ እጠበው። ቀለሙ ጨርሶ ከወጣ በኋላ ነው ጠንከር ያለ ማጽጃ የሚገባው።

«ላከር ላይ ሳልደርስ ቢያንስ ከግንባታ ዕቃ መደብር በቆርቆሮ የሚሸጠውን ስፕሬይ ልሞክር» የሚል ሐሳብ ቢመጣብህ ደግሞ ተወው። ለበርና ለብረት የተሠራ ነው። ቅንጣቱ ትልቅ ነው፣ ሪቬቱን ይውጠዋል። ፈሳሹም አንዳንዴ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል።

የተላጠውን ክንፍ መደለል አትሞክር። የፕራይመሩ ጠርዝ ቆዳ ስለሆነ ብትፍቀው ይቀደዳል እንጂ አይስተካከልም። የቀረው ቀለምም ያው ያልታጠበ ፕላስቲክ ላይ ነው ያለው፤ በሚቀጥለው ቴፕ ይነሣል። ሙሉውን አውርደው። አይሶፕሮፒል አልኮል በጥጥ እያስነካህ ትንሽ አቆየው፤ ቆዳው ይለሰልሳል፣ ከዚያ በጥርስ ብሩሽ ይነሣል። ፖሊስታይሪኑን አይጎዳም። ይህንንም ውጭ ወይም ክፍት መስኮት አጠገብ፣ እሳት በሌለበት፣ ልጅህ ሳትኖር ሥራው። መስታወቱን አስቀድመህ ሸፍነው ወይም አንሣው። አሴቶን ወይም የላከር ቲነር እንዳትሞክር፤ ክንፉን ራሱን ያሟሙታል። ከወረደ በኋላ በሳሙና እጠበውና እንደ አዲስ ጀምር። ክንፉ ምንም አልሆነም፣ የጠፋብህ የሁለት ቀን ሥራ ነው።

ፕራይመሩን ክንፉ ላይ ከመመለስህ በፊት ግን ይህን አድርግ። ክፍሎቹ ተያይዘው የመጡበትን የፕላስቲክ ፍሬም አልጣልከው ይሆናል። ሰፋ ያለ ቁራጭ ፈልግ። ግማሹን እጠበው፣ ግማሹን እንዳለ ተወው። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ርጫቸውና ቀኑን ጻፍበት። በነጋታው፣ 24 ሰዓት ሲሞላ፣ ቴፕ በሁለቱም ላይ ጥፍርህን አስነክተህ ለጥፍና አንሣ። በማግስቱ ደግሞ፣ 48 ሰዓት ላይ፣ ቴፕ ባልነካው ቦታ ድገመው። ያንተ ፕራይመር፣ ባንተ ክፍል፣ ባንተ አየር፣ ስንት ሰዓት እንደሚፈልግ ቁራጯ ትነግርሃለች። የታጠበው ወገን በሁለተኛው ቀንም ከተነሣ ያኔ ጠርሙሱን እንጠረጥራለን፤ የመለያ ጽሑፉን ይዘህ ጻፍልኝ።